ቀይ ክዳን፣ አረንጓዴ ክዳን

ኢንጂነር ፉአድ የመዋኛ ገንዳው ውሃ የሚለካባትን ትንሿን ብልቃጥ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያዘና «እስቲ ምን ይታይሃል?» አለው።

ኤቢሳ ዓይኑን አጥብቦ አየ። ብልቃጧ ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ ይመስላል። ከጎኗ የተለጠፉት አምስት የቀለም ሳጥኖችም ለእሱ አምስት ብርጭቆ ሻይ ነበሩ፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። 

«ቀይ» አለ።

«ጎበዝ! ቀይ ነው።»

ኤቢሳ ይህን ያለው ቀለሙን አይቶ አልነበረም። ፉአድ ከአፍታ በፊት፣ አዲስ ልስን ኖራውን እየተፋ ውሃውን ወደ ቀይ እንደሚገፋው ሲያስረዳ በጥሞና ሰምቶ ነበር። ስለዚህ ቀይ መሆን አለበት። እንዲህ እያለ፣ ከሰው አፍ እየለቀመ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሯል።

በልጅነቱ ሸነን ውስጥ እናቱ የደረሰውን በርበሬ ልቀም ብላ ስትልከው ጥሬውን ቀጥፎ ይመጣ ነበር። ሆን ብሎ የሚያበላሽ መስሏት ገረፈችው። ካደገ በኋላ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ሐኪሙ ነጠብጣብ የሞላበት መጽሐፍ ገለጠለትና «ቁጥሩ ስንት ነው?» አለው። ኤቢሳ ቁጥር ቢፈልግ አጣ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሮዛ «መኪና መንዳት አስጠላኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሥራው ልስን ነበር። ልስን ቀለም አይጠይቅም፤ እጅ ነው የሚጠይቀው። ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ኦቦ ጋሮማ አዲስ ሆቴል ሲሠሩ፣ የመዋኛ ገንዳውን በነጭ ሲሚንቶና በእብነ በረድ ዱቄት የለሰነው እሱ ነው። ኦቦ ጋሮማ ከእጃጂ ተነስተው በኑግና በጤፍ ንግድ እዚህ የደረሱ፣ ሥራን በእጃቸው ዳብሰው የሚፈትሹ ሰው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ባዶው ገንዳ ውስጥ ገቡና ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይሄን የሠራ ሰው ነው የሚጠብቀው» አሉ። ኤቢሳ ወገቡ ደክሞ ነበር፤ መወጣጫ ላይ መውጣት እየከበደው መጥቷል። ቋሚ ሥራ ሲባል ሁለት ጊዜ አላሰበም። ሥራው ቀለም ማየት እንደሆነ ያወቀው ዛሬ ነው።

«ለአንድ ወር ጠዋትና ማታ ትለካለህ» ሲል ቀጠለ ፉአድ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት ነው። «ቀይ ከሆነ አሲድ ትጨምራለህ። ብርቱካን ሲሆን ትተወዋለህ። ቢጫ ከሆነ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው፤ ያኔ ውሃው ልስንህን መብላት ይጀምራል። የአምቦ ውሃ ደግሞ ማዕድን የበዛበት ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ አሲድ በደንብ ይፈልጋል። ግድግዳውን በየቀኑ በብሩሽ ትፈትጋለህ። ገባህ?»

«ገብቶኛል፣ ኢንጂነር።»

ከዚያ ወደ ፓምፕ ክፍሉ ወረዱ። ክፍሉ ከመሬት በታች ነው፤ ዘጠኝ ደረጃ ይወረዳል። መስኮት የለውም። በግራ ግድግዳ ሦስት፣ በቀኝ ግድግዳ ሦስት ነጫጭ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። መጠናቸውም ቅርጻቸውም አንድ ነው።

«ቀይ ክዳን አሲድ ነው» አለ ፉአድ ወደ ግራ እየጠቆመ። «አረንጓዴ ክዳን በረኪና። የቤት በረኪና እንዳይመስልህ፣ ብርቱ ነው። አሁን ደህና አድርገህ ስማኝ። ሁለቱ ከተገናኙ መርዝ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ እዚህ ወለል ላይ ይተኛል። እዚህ ያለ ሰውም አብሮት ይተኛል።»

ኤቢሳ ስድስቱንም ክዳኖች አየ። ስድስቱም የደረቀ ሣር ይመስላሉ።

አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር። ግን የፉአድ ስልክ ጠራ፤ እያወራ ደረጃውን ወጣ። ኤቢሳ ብቻውን ሲቀር ከግራዎቹ ቀድሞ የተከፈተውን የአሲድ ጀሪካን እጀታ ለምልክት በቁራጭ ሽቦ አሰረው። ግራ አሲድ፣ ቀኝ በረኪና። ግራ አሲድ፣ ቀኝ በረኪና። ደረጃውን እየወጣ እንደ ጸሎት ደጋገመው።

ፉአድ በማግስቱ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ለብልቃጧ ኤቢሳ መላ አገኘላት። ዱሬቲ የምትባል የሆቴሉ ሠራተኛ አለች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ አንሶላ ታጥባለች፣ ክፍል ታጸዳለች። ጠዋት አንሶላ ስታሰጣ፣ ማታም ስትሰበስብ ብልቃጧን ይዞ በአጠገቧ ያልፋል።

«ዱሬቲ፣ እኔ በልቤ አንድ ቀለም ይዣለሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ደማቅ ቀይ ነው፣ ጋሼ ኤቢሳ።»

«ልክ ነሽ! እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

ይስቃሉ። እሱ ሄዶ አሲዱን ይለካል፣ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ይበርዘዋል፣ ተሸክሞ ወጥቶ በገንዳው ዙሪያ ቀስ እያለ ያፈሰዋል። ማታ ለፉአድ ይደውልና «ዛሬ ቀይ ነበር፣ አሁን ወደ ብርቱካን ሄዷል» ይለዋል። ፉአድ ያመሰግነዋል። አሥራ ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ውሃው እየጠራ መጣ፤ የገንዳው ወለል እንደ አዲስ ሣህን ታየ። ኤቢሳ ግን አንድም ቀን በሙሉ ልቡ አልተነፈሰም። ዱሬቲ የዕረፍት ቀኗን ስትወስድ እሱም «አሞኛል» ብሎ ይቀር ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጅቷ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ትታ ትክ ብላ አየችው።

«ጋሼ ኤቢሳ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ እኔን የምትጠይቀኝ? ዓይንህን ያምሃል እንዴ?»

ለቀልድ ያለችው ይሆናል። እሱ ግን ፊቱ ሲግል ተሰማው።

«ጨዋታ መስሎኝ ነው! ካልፈለግሽ ተይው!» ብሎ ጮኸባት።

ዱሬቲ ደነገጠች። «ይቅርታ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ለክፉ አይደለም» አለች። ጥሏት ሄደ።

በዚያን ቀንና በማግስቱ ብልቃጧን ለብቻው እያየ በግምት ሠራ። በፊት ቀይ ነበር፣ እንግዲህ ዛሬም ቀይ ይሆናል እያለ አሲድ ጨመረ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግድግዳውን በብሩሽ ሲፈትግ ነጭ ዱቄት እንደ ጭስ ተነሳ። እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ ልስኑን ዳሰሰ። በራሱ የልስን ማንኪያ እንደ ብርጭቆ አለስልሶት የነበረው ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቧጠጠው።

እጁን መዝዞ አወጣና ዙሪያውን አየ፤ ማንም አላየውም። በመጪው እሑድ ኦቦ ጋሮማ ገንዳውን ሊያስመርቁ ነው። ከእጃጂ ዘመዶቻቸው ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ኤቢሳ ስልኩን አውጥቶ የፉአድን ቁጥር አየ፤ አልደወለም። ቢደውል «ቀለሙ ምን ነበር?» ይለዋል። ምን ይመልሳል?

አርብ ጠዋት መጣ።

ኤቢሳ ፓምፕ ክፍሉ ደጃፍ ሲደርስ ከውስጥ የበረኪና ሽታ አፍንጫውን መታው። ዱሬቲ ለምረቃው ወለሉን እያጠበች ነበር። ከትልቁ የማጣሪያ በርሜል ጀርባ ተንበርክካ ጥጉን ትፈትጋለች። ሰላም አለችው፤ በአጭሩ መለሰላት። ከትናንት በስቲያ የተፈጠረው ነገር ገና በመካከላቸው ነበር።

ማሰብ የቻለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው። ብልቃጧ አሁንም ሻይ ናት። ምናልባት ልስኑ የሻከረው አሲድ ስላነሰው ይሆን? ፉአድ «መጀመሪያ አካባቢ አሲድ በደንብ ይፈልጋል» ብሎ አልነበር? የፈራ ሰው የሚፈልገውን ያምናል። ሽቦ ያሰረበትን ጀሪካን አንስቶ የቀረችውን አሲድ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አንጠፍጥፎ ገለበጠ። አልበቃም። ወደ ግራ ግድግዳ ዞረ።

የቀሩት አምስቱ ጀሪካኖች ሁሉም በግራ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ወለሉን ስታጥብ ዱሬቲ ነበረች በሥርዓት የደረደረቻቸው፤ አረንጓዴ ክዳን፣ ቀይ ክዳን፣ ደግሞ አረንጓዴ። ለእሷ ምንም የሚያምታታ ነገር አልነበረውም።

ኤቢሳ ቆመ። አምስት የደረቀ ሣር የሚመስሉ ክዳኖች።  ሊያሸት ጎንበስ አለ፤ ክፍሉ በሙሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። «ዱሬቲ፣ አሲዱ የትኛው ነው?» ቢል በቃ። ሦስት እርምጃ ርቃው ነው ያለችው። ቃሉ ምላሱ ላይ መጣ። «ዓይንህን ያምሃል እንዴ?» ያለችው ትዝ አለውና ዋጠው።

በግራ በኩል መጀመሪያ ያለውን አነሳ። ግራ አሲድ። ክዳኑን ከፈተና አንድ ጆግ ቀድቶ ባልዲው ውስጥ ደፋው።

ባልዲው ፈላ።

መጀመሪያ የሰማው ድምፁን ነው፤ ትኩስ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው። ቀጥሎ አንዳች ነገር ጉሮሮውን አነቀው። ዓይኑ ተቃጠለ፣ ደረቱ ተዘጋ። ለመጮህ ሞከረ፤ አፉ የሳበው አየር ሳይሆን እሳት ነበር። ባልዲውን ለቀቀ። ባልዲው ተገለበጠ። እግሩ ሳያዘው ወደ ደረጃው ሮጠ። አንድ፣ ሁለት፣ በአራት እግሩ እየዳኸ ዘጠኙን ደረጃ ወጣና ሣሩ ላይ ተደፋ።

ሳለ። አስመለሰው። ሰማዩን አየ። ተርፌያለሁ አለ በልቡ።

ከታች ሳል ሰማ።

ኤቢሳ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም። ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ከታች የዱሬቲ ሳል ይመጣል፤ ደረቅ፣ አጭር፣ እየራቀ የሚሄድ።  «ሰው! ሰው ድረሱ!» አለ፤ ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ አለው። ዘበኛው የፊት በር ላይ ነው፣ ማንም በአቅራቢያው የለም። ሮዛን አሰበ፣ ልጆቹን አሰበ። ሳሉ ቆመ።

ሳሉ ሲቆም ነው የወረደው።

ሸሚዙን አውልቆ ገንዳው ውስጥ ነከረ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፈነ፣ ትንፋሹን ስቦ ያዘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ደረጃውን በእግሩ እየዳበሰ ወረደ። ከዚያ የቀኙን ግድግዳ በመዳፉ ተከተለ። ግድግዳውን ራሱ ነበር የለሰነው፤ የት ላይ እንደሚታጠፍ ያውቃል። በርሜሉን ነካ። ጎንበስ አለ። ጨርቅ፣ ከዚያ ክንድ። ክንዱ አልያዘውም። ከብብቷ ገብቶ ጎተታት። ወገቡ የተቆረጠ መሰለው። አራተኛው ደረጃ ላይ ትንፋሹ አለቀበትና ሳበ፤ እሳቱ ደረቱን ሞላው። እንዴት እንደወጣ ዛሬም አያስታውስም። ዘበኛው ደርሶ ሁለቱንም ሣሩ ላይ ተዘርረው ሲያገኛቸው የኤቢሳ እጅ ከልጅቷ ብብት አልላቀቅ ብሎ ነበር።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ዱሬቲ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ በየትንፋሿ ደረቷ ያፏጫል። ኦክሲጅን አደረጉላት። ሐኪሟ «ዛሬና ነገን ካለፈች ተስፋ አለን» አለች። ኤቢሳም አግዳሚው ላይ ጭምብል አድርጎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ አብጦ ሊዘጋ ደርሷል።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጋሮማ መጡ። ፉአድም ደውለውለት ኖሮ፣ ከአዲስ አበባ ገስግሶ ደርሶ ሆቴሉን አይቶ ነው አብሯቸው የገባው። ሁለቱም ኤቢሳ ፊት ቆሙ።

«ማል ታቴ?» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «ምን ሆናችሁ? እንዴት ሊሆን ቻለ?»

ኤቢሳ ሳይመልስ ራሳቸው ቀጠሉ። «ዘበኛው ነግሮኛል። ልጅቷ ናት ጀሪካኑን ከቦታው ያነሳችው። ማን አዘዛት? በገዛ እጇ ራሷንም አንተንም ልትጨርስ! ብትድንም እኔ ዘንድ አትሠራም።»

 ከኤቢሳ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ በራሱ ወደዚያች ከበርሜል ጀርባ ወዳገኛት ልጅ ይንከባለል ነበር።

ፉአድ ግን በትኩረት ያየው ነበር። «አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «የከፈትከው ጀሪካን ክዳኑ አረንጓዴ ነው። ወለሉ ላይ አግኝቼዋለሁ። እንዴት ሳታየው ቀረህ?»

«ክፍሉ መብራቱ ደካማ ነው» አሉ ኦቦ ጋሮማ። «ሰው ቢሳሳት ምን ይገርማል።»

መውጫው ተከፈተለት። ኤቢሳ ወደ ዱሬቲ ክፍል አየ። በበሩ መስታወት እግሯ ብቻ ይታያል፤ የላስቲክ ጫማዋ አንዱ የለም፣ እዚያው ቀርቷል።  ጭምብሉን ከአፉ አነሳ።

«መብራቱ አይደለም» አለ። «ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከልጅነቴ ጀምሮ። ብልቃጧንም አይቼ አላውቅም፤ ዱሬቲ ናት የምታይልኝ። ሁለት ቀን እሷን ሳልጠይቅ በግምት አሲድ ጨምሬያለሁ። ውሃውም ተበላሽቷል፣ ልስኑም። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ሦስት እርምጃ ርቃኝ ነበር፤ መጠየቅ አፍሬ ነው።»

 ኦቦ ጋሮማ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ፉአድ ቀስ ብሎ።

«ብነግርህ ሥራውን ትሰጠኝ ነበር?»

ፉአድ አሰበ። «አልሰጥህም ነበር» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «እኔም አላየሁህም። ቀይ ስትል ደስ ብሎኝ አለፍኩ። ስድስት ጀሪካን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ በክዳን ቀለም ተማምኜ ሄድኩ። ጽሑፍ እንኳን አልለጠፍኩበትም።»

ምረቃው ቀረ። ፉአድ ገንዳውን ሲለካው ብልቃጧ ከመጨረሻው ቢጫ ሳጥን አልፋ ነበር፤ ውሃውን በሶዳ ዱቄት ወደ ልኩ ለመመለስ አምስት ቀን ፈጀበት። የገንዳውን ደረጃዎች ልስን ውሃው በልቶታል። ኤቢሳ ቤቱ ተቀምጦ «አትምጣ» የሚል ስልክ ሲጠብቅ ሰነበተ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሮዛ ፊቱን ታየዋለች። ለእሷም ነገራት፤ በርበሬውንም፣ መንጃ ፈቃዱንም። ሰምታ ስትጨርስ «እኔ ደግሞ የገዛሁልህን ሹራብ የማትለብሰው ቀለሙን ጠልተኸው ይመስለኝ ነበር» አለችው።

በስምንተኛው ቀን ኦቦ ጋሮማ ራሳቸው ደወሉ።

«የተበላውን ደረጃ ማን ሊለስነው ነው?» አሉ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም። «ና ሥራህን አስተካክል። የገንዳውን መድኃኒት ግን ሁለተኛ በእጅህ አትነካም። በልጅቷ ላይ የተናገርኩትንም ትቼዋለሁ።»

ዱሬቲ ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ሥራ የተመለሰችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከስታለች፤ ደረጃ ስትወጣ ታርፋለች። የውሃውን ልኬት እሷ እንድትይዝ ፉአድ ጠይቋት ነበር፤ አሲዱና በረኪናው አሁን በተለያየ ክፍል ነው የሚቀመጠው፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎባቸዋል። እሺ ያለችው ብዙ ካሰበች በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ኤቢሳ የፓምፕ ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኛት። አልወረደችም።

አጠገቧ ቆመ። 

«ስትሮጥ ሰምቼሃለሁ» አለች ዱሬቲ ሳታየው። «ደረጃውን ስትወጣ። የማትመለስ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም መስሎኝ ነበር» አለ ኤቢሳ።

ዞራ አየችው። ዓይኗ እንባ አዝሏል፣ ግን አላለቀሰችም።  ከታች ፓምፑ ይጮሃል።

«ብቻዬን አልወርድም» አለች።

«ብቻሽን አትወርጂም።»

ኤቢሳ ከሣሩ ላይ ከባድ ድንጋይ አንስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ደገፈው። በእግሩ ገፋ አድርጎ ሞከረው። በሩ አልተነቃነቀም። እንደገና ሞከረው። ከዚያ የመጀመሪያውን ደረጃ ወርዶ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት። ዱሬቲ እጁን ይዛ ተከተለችው።